ከጨንቻ ወደ ሲቀላ

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጠዋት ጭጋጉ ገና ከእንሰቱ ቅጠል ሳይላቀቅ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው፣ ዶርዜን አልፎ ጠመዝማዛውን ሲጨርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። የአርባ ምንጩ ሰፈር ሲቀላ ሲደርስ ቀዝቃዛ ነገር ፍለጋ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። የተነሳበት ከፍታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ የወረደበት 1,285። ላይ ገብስ፣ እንሰትና ቀርከሃ፤ ታች ሙዝ፣ ማንጎ፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ወበቅ፣ የወባ ትንኝ።

ቁልቁለቱን ቆዳና ሳንባ ቶሎ ይለምዱታል። የማይለምዱትም አሉ። ቆሽት ስንት ኢንሱሊን አምራች ሕዋስ እንዳለው፣ ሰውነት ስቡን የት የት እንደሚያኖር፣ ጉበት ስኳርን ወደ ደም ሲለቅ ምን ያህል ለጋስ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ በአመዛኙ የተወሰነው ሰውየው መኪና ላይ ከመውጣቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ እናቱ ሆድ ውስጥና በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ነው። ለደጋ ተሠርቶ ቆላ የወረደ አካል አለ። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እሱ ነው። ከሠሩት እጆች መካከል ሁለቱን እንከተላለን፤ የጭንቀት ሆርሞንንና ስቴም ሴልን።

የጨንቻ ሰው እንዳይቀየመኝ አንድ ነገር ልበል። ደጋ ስል ችጋር፣ ቆላ ስል ጥጋብ ማለቴ አይደለም። የጨንቻን አፕል አዲስ አበባ ድረስ የሚያውቀው ያውቀዋል። ደጋና ቆላ እዚህ የምጠቀምባቸው ለሁለት ዓይነት ኑሮ ነው። አንዱ የሚበላው ተቆጥሮ፣ ሸክሙ በዝቶ፣ የሚቀጥለው አዝመራ በጭንቀት የሚጠበቅበት ኑሮ ነው። ሌላው ዳቦው፣ ፓስታው፣ ዘይቱና ለስላሳው በየሱቁ ደጃፍ የተደረደረበት። ሁለቱ በካርታ ላይ ቢራራቁ ኖሮ ብዙም ባልገረመን ነበር። ጋሞ ውስጥ ግን በአንድ ጠዋት ጉዞ ይገናኛሉ።

ስቴም ሴልን ለማስረዳት መጻሕፍት ዛፍና ቅርንጫፍ ይጠቅሳሉ። ጋሞ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ነገር በየጓሮው አለ። እንሰት የሚባዛው ብዙውን ጊዜ በዘር አይደለም። ገበሬው ለጋ እንሰት መርጦ ከላይ ይቆርጠዋል፤ ከመሬት በታች ያለውን አምቾ ያወጣና መሃሉ ላይ ያለውን የማደጊያ እምብርት ፈልፍሎ ይጥላል፤ ከዚያ መልሶ ይቀብረዋል። ወራት ካለፉ በኋላ ከዚያ ከአንዱ አምቾ ዳር ዳር ብዙ ችግኝ፣ አንዳንዴ ከመቶ የሚበልጥ፣ ይፈላል። ችግኞቹ ከየት መጡ? እዚያው ነበሩ። እምብርቱ በሕይወት ሳለ ተኝተው ነበር፤ ከመሃል የሚመጣው ኬሚካላዊ ትእዛዝ አፍኗቸው ነበር። ትእዛዙ ሲቋረጥ ነቁ።

የኛም አካል እንዲህ ዓይነት ተኝተው የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉት። ስቴም ሴል ሁለት ነገር ይችላል፦ ራሱን ማባዛትና ሌላ ነገር መሆን። በዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን አንድ ዘር ብቻ ነው። በአጥንት መቅኒ፣ በስብ መካከልና በእትብት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ሐኪሞች ሜዘንካይማል ስቴም ሴል ይሉታል። ይህ ሕዋስ አጥንት መሆን ይችላል፣ የመገጣጠሚያ ለስላሳ አጥንት መሆን ይችላል፣ የስብ ሕዋስም መሆን ይችላል። ሁሉንም በአንዴ መሆን ግን አይችልም። አጥንት ለመሆን የቆረጠ ሕዋስ ለስብ ተቆጥሮ አይገኝም፤ ስብ የሆነውም ለአጥንት ቀርቷል። መንታ መንገድ ላይ የቆመ ልጅ ማለት ነው፤ ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚወስነው በዚያ ሰዓት ጆሮው የሰማው ነገር ነው።

ከሚሰማቸው ድምፆች አንዱ ኮርቲሶል ነው።

ኮርቲሶልን የሚሠሩት ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው። የጭንቀት ሆርሞን ሲባል የፈተና ወይም የዕዳ ጭንቀት ብቻ ይመስላል። ለሰውነት ግን ረሃብም ጭንቀት ነው፤ የወባ ትኩሳትም፤ ዳገት ላይ እንስራ ተሸክሞ መውጣትም፤ የባል ዱላም። አማርኛችን ጭንቀትን አንጎል ላይ አስቀምጦት አያውቅም። አንጀቴ ተቃጠለ፣ ሆዴ ተረበሸ፣ ሆዴ ባባ እንላለን። ሆድ ደግሞ ማህፀንም ነው። ቋንቋው ሳያስበው እውነቱ አጠገብ ደርሷል።

ኮርቲሶል ጠላት አይደለም። ያለ እሱ ከአልጋ መነሳት፣ ጾም መዋል፣ ከኢንፌክሽን ጋር ታግሎ መትረፍ አይቻልም። ሥራው በአጭሩ ለክፉ ቀን የጎተራ በር ማስከፈት ነው። ጉበትን ስኳር ልቀቅ ይለዋል፤ ጡንቻን ፕሮቲንህን አበድር ይለዋል፤ እድገትን ቆይ፣ ዛሬ ጊዜው አይደለም ይለዋል። ክፉው ቀን ሲያልፍ በሩ መዘጋት አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ክፉው ቀን ወር ሲሆን፣ ወሩም ዓመት ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ነፍሰ ጡሯ እንሂድ። በእርግዝና ጊዜ የእናት ኮርቲሶል በተፈጥሮው ይጨምራል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው ግን ከእናቱ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ያንሳል። እንዴት? እንግዴ ልጅ ላይ በረኛ አለ። በረኛው ኢንዛይም ነው፤ የሚያልፈውን ኮርቲሶል እየያዘ ኮርቲዞን ወደሚባል ድምፅ አልባ ዓይነት ይለውጠዋል። ስሙ 11 ቤታ ሃይድሮክሲስቴሮይድ ዲሃይድሮጅኔዝ ዓይነት 2 ነው። እኔ በረኛው እያልኩት እቀጥላለሁ፤ አንባቢም ይቅር እንደሚለኝ ተስፋ አለኝ።

በረኛው ይደክማል። ነፍሰ ጡር አይጦች ፕሮቲን ያነሰው ቀለብ ሲሰጣቸው የበረኛው መጠን ይቀንሳል፤ የሚወለዱት ግልገሎች ያንሳሉ፤ ሲያድጉ የደም ግፊታቸው ከፍ ይላል። በረኛውን አታልሎ የሚያልፍ ዴክሳሜታዞን የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን ሲሰጣቸውም ውጤቱ ይመሳሰላል። የኤድንብራዎቹ ተመራማሪዎች ኤድዋርድስና ሴክል በ1993፣ ትንሽ ሆኖ በመወለድና በጉልምስና በሚመጣ በሽታ መካከል ያለው ድልድይ ይህ በር ሊሆን ይችላል አሉ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሰው ላይ ያልታሰበ ፈተና የተገኘው ፊንላንድ ውስጥ ነው። ፊንላንዶች ሊኮሪስ የሚባል ጥቁር ከረሜላ አብዝተው ይወዳሉ፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በረኛውን ያስተኛል። በእርግዝና ጊዜ ከረሜላውን አብዝተው የበሉ እናቶች ልጆች ሲያድጉ በአእምሮ ፈተናዎች ዝቅ ብለው፣ ሴቶቹም ለአቅመ ሔዋን ቀድመው ሲደርሱ ታይተዋል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ስቴም ሴልን የስብ ሕዋስ የሚያደርጉበት አሠራር ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። ሕዋሶቹ ሳህን ላይ ይዘረጋሉ። ኢንሱሊን ይጨመራል፤ አንድ ሁለት አጋዥ ኬሚካል ይጨመራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዴክሳሜታዞን ይጨመራል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ቀይ ቀለም። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በየሕዋሱ ውስጥ ደማቅ ቀይ ጠብታ ሞልቷል፤ ስብ ነው። ለስብ ሕዋስ መፈጠር የጭንቀት ሆርሞን ዘመድ ከቅመሞቹ አንዱ መሆኑን ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ፤ ይኸው ዴክሳሜታዞን በሌላ ቅመም መካከል ሲገባ ስቴም ሴልን አጥንት ለማድረግም ያገለግላል። ሆርሞኑ ብቻውን አይወስንም። መጠኑ፣ ጊዜውና አብሮት ያለው ነገር ይወስናሉ። ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ግን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ከሕሙማን አይተናል። ዕጢያቸው ኮርቲሶል የሚያበዛባቸው፣ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ፊታቸው ይከብባል፣ ቦርጫቸው ይገፋል፣ እጅና እግራቸው ይቀጥናል፣ አጥንታቸው ይሳሳል፣ የደም ስኳራቸው ይወጣል። አጥንቱ ሳስቶ ስቡ ሲበዛ፣ መንታው መንገድ ላይ ያሉት ሕዋሳት ወዴት እንደሄዱ ምስክር ነው። ሞለኪውሎቹም ተለይተዋል። ሆርሞኑ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ተቀባዩን ይይዛል፤ ሁለቱ አብረው ወደ ዲኤንኤው ይወርዳሉ፤ ፒፒኤአር ጋማ የሚባለውን የስብ አለቃ ያነቃሉ፤ የአጥንቱን ወገን የሚደግፈውን ቤታ ካቴኒን የሚያልፍበትን መስመር ያዳክማሉ።

ይህ በሕፃን ላይ ይታያል ወይ? በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ክሪስተን ቦይልና ባልደረቦቿ ልጅ ሲወለድ የሚጣለውን እትብት ሰብስበው ስቴም ሴሎቹን አሳደጉ። በ2016 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ነው፤ ከመጠን በላይ ውፍረት ከነበራቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ሕዋሳት ወደ ስብ ሲለወጡ 30 በመቶ ገደማ የበለጠ ስብ ያዙ፤ ቤታ ካቴኒናቸው አንሶ፣ ፒፒኤአር ጋማቸው በልጦ ተገኘ። ሕፃናቱ ገና ምንም አልበሉም። ዝንባሌው ግን ሳህኑ ላይ ነበር። ያ የጥጋብ ወገን ነው፤ የኛ ጋሞ ደጋ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ጫፍ ይመጣል። ሁለቱ ጫፎች ግን አንድ በር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

የስብ ሕዋስ ቁጥር ለምን ያስጨንቀናል? ኪርስቲ ስፖልዲንግ የምትባል የስቶክሆልም ተመራማሪ መልሱን ያገኘችው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። ከ1963ቱ የኑክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት በፊት ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ያፈነዷቸው የኑክሌር ቦምቦች ዓለምን በካርቦን 14 በክለው ነበር። ያ ካርቦን በየዓመቱ መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ በየሰዉ ዲኤንኤ ውስጥ የልደት ማህተም ጥሏል። በእሱ ተመርኩዛ በ2008 ባሳተመችው ጥናት፣ የአንድ ሰው የስብ ሕዋስ ብዛት የሚወሰነው በልጅነትና በጉርምስና እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ አሥር በመቶ ገደማው እየሞተ በአዲስ ቢተካም ጠቅላላ ቁጥሩ እንደማይለወጥ አሳየች። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው እንኳ ሕዋሶቹ ይሟሽሻሉ እንጂ አይጎድሉም። የልጅነት ጎተራ የዕድሜ ልክ ጎተራ ነው።

ጎተራ መብዛቱ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ጎተራው ያነሰ ሰው ሲጠግብ ነው የሚጎዳው። ስቡ ከቆዳ ሥር ማረፊያ ሲያጣ ጉበት ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ አንጀት ዙሪያ ይፈሳል። እዚያ የፈሰሰ ስብ ኢንሱሊን የሚለውን እንዳይሰማ ጆሮ ይደፍናል። ህንዳዊው ሐኪም ያጅኒክ ከእንግሊዛዊ ጓደኛው ጋር ጎን ለጎን የተነሳው ፎቶ በዚህ ሙያ የታወቀ ነው። ሁለቱም የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው እኩል 22.3 ነበር። የእንግሊዛዊው ስብ 9.1 በመቶ፣ የያጅኒክ 21.2 በመቶ። ቀጭን መምሰል ሌላ፣ ውስጡ ሌላ።

ከዚህ ጋር ቆሽትን ደምሩት። ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ሕዋሳት በአብዛኛው የሚበዙት በማህፀንና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አይጦች ላይ እናት ፕሮቲን ስታጣ የግልገሎቹ ቤታ ሕዋስ ያንሳል፤ ኮርቲሶል ሲበዛም እንዲሁ። የሚሰማ ጆሮ ጎድሎ የሚናገር አፍም ሲያንስ፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል።

ትንሽ ሆኖ መወለድን ከጉልምስና በሽታ ጋር የሚያያይዘው ሐሳብ እንግሊዝ ሐርትፎርድሻየር ውስጥ ከአንድ መዝገብ ይነሳል። ኤቴል ማርጋሬት በርንሳይድ የምትባል የአዋላጆች ተቆጣጣሪ፣ ከ1911 ጀምሮ እያንዳንዱ ሕፃን ሲወለድና ዓመት ሲሞላው እንዲመዘንና እንዲጻፍ አደረገች። መዝገቡ ለአሥርት ዓመታት አቧራ ጠጣ። ዴቪድ ባርከር የሚባል ሐኪም አገኘው፤ የሕፃናቱንም መጨረሻ ፈልጎ በ1989 ጻፈ፦ ትንሽ ሆነው ከተወለዱት፣ በተለይም በአንድ ዓመታቸው ትንሽ ከነበሩት፣ በልብ በሽታ የሞቱት በዝተዋል። በ1992 ከተመራማሪው ሄልስ ጋር ሆኖ ይኸው ሐሳብ ለስኳር በሽታም እንደሚሠራ አቀረበ። ባልደረባቸው ዴቪድ ፊሊፕስ በ1998 ያንኑ መዝገብ ይዞ በሕይወት ያሉትን ወንዶች ጠዋት ደማቸውን ለካ። ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰው በስተርጅናቸው ኮርቲሶላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሆርሞኑ ልጁን ካሳነሰ በኋላ አልሄደም ማለት ነው፤ የልጁ የራሱ አንጎል ደወሉን ከፍ አድርጎ ተስተካክሎ ቀርቷል።

ይኸው ፊሊፕስ ነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ውስጥ የምናገኘው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ ሽታዬ ዓለሙ በገጠር ክሊኒኮች የሚመጡባት የስኳር ሕሙማን ከመጽሐፉ ጋር አልስማማ አሏት። ወጣቶች ናቸው፤ ቀጭኖች ናቸው፤ ድሃ ገበሬዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ይበዛሉ። ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም መጽሐፉ እንደሚያውቀው አንደኛው ዓይነት ስኳር አይመስሉም። ከሐኪሙ ኤልድሪድ ፓሪና ከፊሊፕስ ጋር በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር በሽታ የሚለው የተዘጋ መዝገብ ዳግም ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። ዓለም ጤና ድርጅት በ1985 አስፍሮት በ1999 ሰርዞት ነበር። ቀጥሎ ከመቶ በላይ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሕሙማኑ ቁመታቸውም የሰውነታቸው ስፋትም ያነሰ፣ ልጅነታቸውም ንጹሕ ውኃና ትምህርት የራቀው ሆኖ ተገኘ። የትከሻ ስፋት በእድገት ዘመን ይሠራል፤ ቆሽትም እንዲሁ። በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን በሽታ ዓይነት 5 ብሎ ስም ሰጠው። የማይቀበሉት ሐኪሞች አሉ፤ ክርክሩ ጤናማ ነው። እኔ ግን የጎንደሯን ሐኪም ዓይን አምናለሁ። ከመጽሐፉ ይልቅ ተራ የያዘውን ሕመምተኛ አየች።

ረሃብ ራሱም ምስክር ነው። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ጀርመኖች ምግብ ባገዱባት ሆላንድ የተፀነሱ ሰዎች፣ 60 ዓመት ቆይተው አይጂኤፍ 2 በሚባለው የእድገት ጂን ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ከወንድምና እህቶቻቸው ተለይቶ ተገኘ። ጂኑ አልተለወጠም፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ማስታወሻ ነው የተለወጠው። ስቴም ሴል ሲከፋፈል ማስታወሻውንም አብሮ ይገለብጣል። በኛም አገር የጅማ ተመራማሪዎች ራያ ቆቦ ድረስ ሄደው፣ የ1983 እስከ 1985ቱ ረሃብ በእናታቸው ሆድ ወይም በጨቅላነታቸው ያገኛቸውን ጎልማሶች ፈትሸዋል። የደም ግፊትና የስኳር መዛባት ከዚያ ረሃብ ጋር ተያይዞ ታየ። ጅማ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናት ደግሞ አየር እየተለካ ስብና ሥጋቸውን ለይቶ በሚመዝን ሳጥን ውስጥ ተኝተው ተለክተዋል፤ እየተከታተሏቸውም አሳድገዋቸዋል። ሲወለዱ ከስብ ውጪ ያለው ሥጋቸው የበረከተው በሁለት ዓመታቸው እድገታቸው የተሻለ ነበር። ኪሎው አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ እንደሚችል ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ጋሞ እንመለስ። ደጋው ለምን ሰው በዛበት? አንዱ ምክንያት ከጥንት ጀምሮ ሐይቆቹ ዳር ያለው ወባ ነው። ሰዉ ትንኝን ሸሽቶ ዳገት ወጣ፤ መሬቱ ጠበበ። መሬቱ ሲጠብብ እንሰት አዳነ፤ ከትንሽ ጓሮ ብዙ አፍ ይመግባል፤ ድርቅም ይችላል። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ግን ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከጎኑ ጎመን፣ ባቄላ፣ ወተት ከጠፋ፣ ሆዷ ሞልቶ በረኛዋ የተራበባት ነፍሰ ጡር ትኖራለች። ቆላ ላይ ሽፈራው አለ፤ ጋሞዎች ሀለኮ የሚሉት፣ ቅጠሉ ከኩርኩፋ ጋር የሚበላው። ቅጠሉ ፕሮቲን አለው፤ ለዚህ ጉዳይ ከብዙ የታሸገ ነገር ይሻላል።

ታች የወረደችውን ነፍሰ ጡር ደግሞ ወባ ይጠብቃታል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ እንግዴ ልጅ ውስጥ ተደብቆ መራባት ይወዳል። እናትየው ትኩሳት እንኳ ሳይጸናባት በሩ ራሱ ይታመማል፤ ልጁ ከክብደት በታች ይወለዳል። ስለዚህ አጎበር የትንኝ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የሆርሞን በረኛውም ጥላ ነው።

ከተወለዱ በኋላስ? ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ትናንሽ ልጆች ለሽመና ተብለው ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ መኖራቸው ያደባባይ ምስጢር ነው። የመወርወሪያውን ድምፅ ሽሮሜዳ አካባቢ ያለፈ ሁሉ ሰምቶታል። የውሎ አበል የማይታሰብለት፣ ከጎሕ እስከ ምሽት ሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚውል የአሥር ዓመት ልጅ፣ ናፍቆቱም፣ ፍርሃቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ለአንጎሉ አንድ ደወል ነው። ኮርቲሶል ሲጸና የእድገት ሆርሞን ይዳከማል፤ ልጁ ያጥራል። ያጠረው ግን በምግብ ብቻ አይደለም። መቀንጨርን በእህል ብቻ ስንለካ ይህን ልጅ አናየውም።

መቀንጨር ራሱ መቀነሱ እውነት ነው። በአገር አቀፍ ጥናቶች ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 ወረዱ። ይህ ትልቅ ድል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የቀሩት 37 ብቻ አይደሉም። በትንሹ ተሠርተው የተረፉትና አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላና ሴቻ ሰፈር ተቀምጠው ዳቦና ለስላሳ የሚበሉት ናቸው። ቀጭን ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያብጥ አያት ደስ ይላታል፤ አሁን ገና ሥጋ ገባለት ትላለች። በጨቅላነቱ የዘገየ ልጅ ቁመቱ ቆሞ ስቡ ብቻ ሲቸኩል ግን በኋላ የሚከፈል ነገር እየገዛ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ልጅ ሳይወፍር እየከሳ፣ ውኃ እየጠማው፣ ሌሊት አልጋውን እያራሰ፣ ሽንቱ ላይ ጉንዳን ከተሰበሰበ፣ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳሩ መለካት አለበት።

አንድ ስህተት ከዚህ ምዕራፍ እንዳይወለድ እፈራለሁ። ጭንቀት ልጅን ይጎዳል ሲባል የሰፈሩ ጣት ወደ እናቲቱ ይዘረጋል፤ አንቺ ነሽ ያልተረጋጋሽ ይባላል። ነፍሰ ጡርን አትጨነቂ ብሎ መምከር ደግሞ ዳገቱን አቅንቶ፣ ውኃውን አቅርቦ፣ ባልየውን ገስጾ ካልሆነ ጭንቀት ላይ ጭንቀት መጨመር ነው። በዚህ ረገድ በመጽሐፍ ከማውቃቸው የሆርሞን ሕክምናዎች ሁሉ የሚያስቀናኝ በሴፍቲኔት መመሪያ ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። በ2005 የተጀመረው ፕሮግራም ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን ከአካፋና ከዶማ ሥራ ነፃ አድርጎ ድጋፉን እንዲያገኙ ይደነግጋል። ያን ያረቀቀው ሰው ስለ 11 ቤታ ምንም ባይሰማም የበረኛውን ወገን ይዟል።

ሌላም ስህተት አለ። ሐኪም ያለ ጊዜው ሊወለድ ለደረሰ ልጅ እናቲቱን ዴክሳሜታዞን ሲወጋት፣ ይህን ያነበበ ሰው እንዳይከለክል። ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች ኒውዚላንድ ውስጥ በ1972 በዘመዱ በቤታሜታዞን እንዳሳዩት፣ መርፌው የሕፃኑን ሳንባ አብስሎ ሕይወት ያተርፋል። የፅንሱ የራሱ ኮርቲሶልም በመጨረሻው ሰዓት የሚጨምረው ለዚሁ ነው። ከአንድ ጊዜ ዝናብ ይልቅ የሚያስፈራው የወራት ጎርፍ ነው።

የሐርትፎርድሻየሩ መዝገብ የሠራው ሥራ ጋሞ ላይ የሚሠራበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ በአርባ ምንጭ ዙሪያ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ልደትን፣ ሞትንና ስደትን ይመዘግባል። ቀበሌዎቹ ደጋም ቆላም አሉባቸው። የመጀመሪያው ዓመት ሕፃናት ዛሬ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት እየሆናቸው ነው፤ ከመካከላቸው ትምህርት፣ ሥራም ትዳርም ፍለጋ ቁልቁለቱን የወረዱ አይጠፉም። ሴቶቹ አንድ ቀን የሚፀንሱበት እንቁላል አዲስ የሚሠራ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ማህፀን ሳሉ ተሠርቶ ተቀምጧል። ስለዚህ በ2009 እንስራዋን በጀርባዋ አዝላ ያንን ዳገት የወጣች የጋሞ ነፍሰ ጡር፣ ሆዷ ውስጥ ሴት ልጅ ከነበረች፣ የልጅ ልጇንም ይዛ ነበር የወጣችው።